ከተማ መያዝና አገር መያዝ

ስለ ኢራቅ ጦርነት ያነበብኩት ጽሑፍ አሜሪካ ኢራቅን ከያዘች በኋላ የተቸገረችው በቂ ወታደር ስላልነበራት ነው ይላል። እኔን አያሳምነኝም። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ፤ ሐምሌ ላይ አርበኞች ከተማዋን ወጓት። ከተማ መያዝና አገር መያዝ ለየቅል ነው።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ የፍቼ መኪና በደጃችን ያልፋል። እዚያው ፍቼ ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጅ ሰጡ። ታኅሣሥ 1929 ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ ማን አምኖ ይገባል? ባግዳድም በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የኢራቅን ጦር በአንድ ትእዛዝ በተኑት። ጠመንጃ የለመደ ሰው ያለ ደመወዝ ቤቱ ገብቶ ምን ሊሠራ ኖሯል?

ጽሑፉ ያልነካው ደግሞ አለ፦ ለእርዳታ የገባ ጦርም ቶሎ አይወጣም። በ1933 ጣሊያንን አብሮን ያስወጣው እንግሊዝ ሐውድን፣ በሶማሊያ ድንበር ያለውን የግጦሽ ምድር፣ የለቀቀልን በ1947 ነው፤ ያውም በስንት ጭቅጭቅ!