ገበሬው ስልኩን ያውቅበታል

ክርክሩ የተነሳው አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው። ምሳ ተበልቷል፣ ቡና እየተቆላ ነው። ወሬው እንደተለመደው ከኑሮ ውድነት ተነስቶ ጤፍ ላይ ደረሰ። ከጤፍ ወደ ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያ ደግሞ «ሁሉም ነገር ዲጂታል ይሆናል» ወደሚባለው ዞረ። ያኔ ጠና ያሉ አንድ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድሮ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው አሁን አዲስ አበባ ልጆቻቸው ጋ ይኖራሉ።

«ገበሬ በስልክ አያርስም» አሉ። «ይሄ ዲጂታል ምናምን የምትሉት የከተማ ሰው ጨዋታ ነው። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም።»

ቤቱ ሳቀ። ተረቷ ጥሩ ቦታ ገብታለች። ገበሬው የሚፈልገው አህያው ላይ የሚጫነውን ማዳበሪያና ዘር ነው፤ መረጃና መታወቂያ ምን ያደርግለታል ለማለት ነው። ሰውዬው ከዚህ ሌላ የሚጨምሩት ብዙም አልነበራቸውም። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ግን ተረቷን ይደግሟታል።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ልጅ ሶፍትዌር ትሠራለች። በትሕትና ጀመረች።

«ጋሼ፣ 8028ን ያውቁታል?»

«የምን 8028?»

እዚህ ላይ ልቤ ወደ ልጅቷ ሄደ። ወረዳ ግብርናን የመራ ሰው ይሄን ቁጥር አላውቅም ሲል ያናድዳል። 8028 ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። ያኔ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ኢንስቲትዩት የሆነው መሥሪያ ቤት ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የጀመረው ነው። ጥሪው ነፃ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ይበቃዋል። ገበሬው ይደውላል፣ ቁጥር ተጭኖ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ብሎ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ከዚያ ጤፍ ወይም ስንዴ ወይም በቆሎ ብሎ ሰብሉን ይመርጣል። ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር በድምፅ ይነገረዋል። ማንበብ መቻል እንኳ ግድ አይደለም።

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ረጋ ብላ አስረዳች። ሰውዬው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ገበሬው ቁጥር ሲነካካ የሚውልበት ጊዜ የት አለው? ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ብያችኋለሁ።»

ይሄኔ ነው ቡና የምታፈላው ሴትዮ ቀና ያለችው። ወንድሟ አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ ስንዴ ያመርታል። እስካሁን አንዲት ቃል አልተናገረችም ነበር።

«ቢጫ ዋግ ሲመጣ አይተው ያውቃሉ ጋሼ?» አለች።

ቢጫ ዋግ የስንዴ በሽታ ነው። ከዚያ የ2010 እ.ኤ.አ. ነገር ተረከች። ያን ክረምት ዝናቡ ጥሩ ነበር። ወንድሟ እንደ ብዙው ሰው ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ነው የዘራው። ማሳው ያምር ነበር። አንድ ቀን ገባ ሲል ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት በመስመር በመስመር ተሰልፎ አየ። ከማሳው ሲወጣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ቢጫ ሆኗል። የልማት ሠራተኛውን ፍለጋ ሄደ፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። መድኃኒቱን አገኘው፣ ግን ከረፈደ። ዋግ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ በነፋስ ነው የሚሄደው፣ ቅዝቃዜና እርጥበት ካገኘ አገር ያዳርሳል። በጊዜ ካልተረጨ በኋላ የሚረጨው ገንዘብ ማቃጠል ነው። ያን ዓመት ወንድሟ ያጨደው ገለባ ነው።

በኋላ ዲገሉ የሚባል ሌላ ዝርያ መጣ፤ ቢጫ ዋግን ይችላል ተብሎ ሰዉ ሁሉ እሱን ዘራ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግንድ ዋግ የሚባለው ሌላው የዋግ ዓይነት ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን መታው። ወንድሟ ዳግመኛ ተቃጠለ።

«ኩሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው አፍንጫቸው ሥር ነው» አለች። «አዋቂው ቅርብ ነበር፣ ወሬው ነው ያልደረሰው። አንድ ሰው ደውሎ ‹ዋግ መጥቷል፣ ማሳህን ፈትሽ› ቢለው ኖሮ ይተርፍ ነበር። አሁን ግን 8028 ተመዝግቦ ማስጠንቀቂያው ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። ሱሪው ቢጫ እስኪሆን አይጠብቅም።»

ቤቱ ዝም አለ። እኔም አላስቻለኝም፤ «እንግዲህ ነገሩ በአህያ አለመጫኑ ነው እኮ ጥቅሙ!» አልኩ። ማዳበሪያ መኪና ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ አህያ ይፈልጋል። የዋግ ወሬ አንዱንም አይፈልግም። የገበያ ዋጋም እንደዚያው ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የምርት ዋጋ በሰሌዳና በስልክ ለሁሉም እንዲታይ የተፈለገው ለዚህ ነው። ዋጋውን ነጋዴው ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ገበሬው የተባለውን ተቀብሎ ይሄዳል።

ሰውዬው ጥቂት አሰቡና ፈገግ አሉ። «እሺ፣ መድኃኒቱስ በስልክ ይረጫል?»

አንዳንዱ ሳቀላቸው። መልስ ግን አይደለም። መድኃኒት ይጥፋ ያለ ሰው የለም፤ በጊዜ ይፈለግ ነው የተባለው። «ኔትወርክ የለም» ሲሉም እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ቀበሌ የለም። ታዲያ ኔትወርክ ይግባ ብሎ መጮህ ነው እንጂ፣ ከሌለ ይቅር ይባላል?

ከዚያ ፋይዳ መታወቂያ ተነሳ። እዚህ ላይ አንድ የሚረባ ነገር ተናገሩ። የገበሬ ጣት በሥራ ብዛት ሻክሮ ማሽኑ አሻራውን አላነብ ይላል አሉ። እውነት ነው። ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠ እጅ መስመሩ ይጠፋል። ግን ልጅቷ ወዲያው መለሰችላቸው፤ ፋይዳ ከአሥሩ ጣት ሌላ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይወስዳል፣ አንዱ ቢያስቸግር ሌላው አለ አለቻቸው። አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥሩ ለገበሬው ከተሰጠ በኋላ፣ የማዳበሪያ ዝርዝርም በዚያ ቁጥር ሊያዝ ይችላል። ገበሬው ስንት ኩንታል እንደተመደበለት፣ ማኅበሩ መጋዘን መቼ እንደገባ ራሱ ያያል።

ይሄን ስትል ሰውዬው ተቆጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረቷን ረሷት።

«ዝርዝሩን እኮ እኛ እናውቀዋለን! ማን ስንት ጥማድ እንዳለው፣ ለማን ስንት እንደሚገባው ኮሚቴው ያውቃል። ማሽን ምን አገባው?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክርክራቸው ስለ ስልክም ስለ አህያም አልነበረም። ዝርዝሩን የያዘ ሰው ገበሬውን ይይዘዋል። ስሙ እንዳይዘለል ጠላ ይጠመቅለታል፣ ዶሮ ይወሰድለታል። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ሲጠፋ ገበሬው ሰልፍ የወጣው እጥረቱ ብቻ አንገብግቦት አይመስለኝም። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋ የለም የተባለው ማዳበሪያ ነጋዴ ጓዳ በእጥፍ ሲሸጥ ማየት ያማል። ዝርዝሩ ገበሬው እጅ ቢገባ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

መሬቱም እንደዚያው ነው። አማራ ክልል ገበሬው የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር አለው። ደብተሩ እጁ ላይ ነው፣ ዋናው መዝገብ ግን ጽሕፈት ቤት ነው። በእስክሪብቶ የተጻፈ መዝገብ ይሰረዛል፣ ይደለዛል፣ ገጹም ይጠፋል። ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ወንድሞች ጋ ስትካሰስ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ገጽ ነው። አሁን ማሳው ተለክቶ፣ ካርታ ተነስቶለት፣ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ቢያንስ ማን እንደነካው ይታወቃል።

ሰውዬው ቡናቸውን ጠጥተው «ተዉት ልጆች፣ ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ብለው ወሬውን ዘጉት። ተረቷ መጨረሻ ላይ የጠቀመቻቸው ለዚህ ነው፤ ከመልስ አሳርፋቸዋለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከሳቸው ይበልጥ የእኛ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ ኑሮው ስልክ ላይ ገብቷል። ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ መብራቱም ውኃውም ታክሲውም በሱ ይከፈላል። መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቶ የብዙ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አንድ ጣሪያ ሥር ያልቃል። ደስ ይላል። ገበሬው ግን ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄድና «ማኅተም ያዡ ስብሰባ ነው፣ ነገ ና» ተብሎ ይመለሳል። የእኛ ጎበዝ ልጆች ደግሞ በርገር ኮንዶሚኒየም ድረስ የሚያደርስ አፕ ሲሠሩ ያድራሉ። ገንዘቡ እዚያ ነዋ!

ገበሬው በቴሌቪዥን ይወደሳል። የለመለመ ስንዴ መሃል ባለሥልጣን ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ጤፍ ሲወደድ ግን «ገበሬው ደበቀው» ይባላል። ዋጋ አውቆ ቆይቶ ቢሸጥ ስግብግብ ነው፣ ሳያውቅ ቢሸጥ ኋላ ቀር ነው። ነጋዴ ስልኩን ይዞ ዋጋ ሲያጣራ ብልህ የሚባልበት አገር ነው እኮ ይሄ።

እዚያ ቤት ከነበርነው አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ያባታችን ቀበሌ ኔትወርክ እንዲገባ የጠየቀ የለም። 8028ን ለወንድሙ የነገረ ሰው ከዚያች ቡና አፍይ ሴትዮ በቀር አላየሁም። እኛ አገር ቤት የምንደውለው በዓል ሲደርስ ነው፤ በግ ስንት ገባ ብለን ለመጠየቅ።