ልጁ ስንት ደቂቃ ተጫወተ?

ሀዋሳ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ ካላችሁ ይህን ክርክር ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባና የምልመላ ወሬ ሲነሳ ወላጁ ሁሉ አሰልጣኝ ይሆናል። አንዱ "ሀዋሳ ከተማ ታዳጊ ቡድን ካልገባ ዋጋ የለውም" ይላል። ሌላው ሲዳማ ቡና ይሻላል ባይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ልጁ ከሰፈር ፕሮጀክት (ከታዳጊዎች ማሰልጠኛው) ወጥቶ "ደረጃ ያለው ሊግ" ካልገባ ጊዜው ያለፈበት ይመስለዋል። ልጁ እኮ ገና 13 ዓመቱ ነው!

ይህ የእኛ አመል ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ብሰዋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ ኤምኤልኤስ ኔክስት የሚባል የታዳጊዎች ሊግ አለ። ኢሲኤንኤል የሚባልም አለ። ከሁለቱ ሥር ሌላ የሊግ መዓት ተደርድሯል። ወላጅ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እየከፈለ "የትኛው ይበልጣል?" እያለ ይጨቃጨቃል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የክለብ አካዳሚዎቻቸውን ከ1 እስከ 4 በምድብ ይከፍላሉ። ማወዳደሩ ነውር የለውም። እኔን የሚከነክነኝ የምናወዳድርበት መለኪያ ነው።

እኛ የምንለካው በማልያ ነው። ልጁ የትልቅ ክለብ ማልያ ለብሶ ፎቶ ከተነሳ ተሳክቶለታል። ቅዳሜ ሜዳ ገባ አልገባ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ልጅ በታወቀ ቡድን ውስጥ ሆኖ በዓመት 20 ጨዋታ አለው እንበል። ተቀይሮ ይገባና በየጨዋታው 10 ደቂቃ ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው 200 ደቂቃ ነው ማለት ነው። አቶቴ ወይም ታቦር አካባቢ በሰፈር ቡድን ሙሉ 90 ደቂቃ የሚጫወት እኩያው በ3 ጨዋታ አለፈው። ያኛው ልጅ ተሳስቷል፣ ኳስ ተነጥቋል፣ ተሰድቧል፣ እንደገና ሞክሯል። የእኛው ልጅ ግን አዲስ ታኬታ አድርጎ ተጠባባቂ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ። የወንድሜ ልጅ ቢሆን ያለ ምንም ማመንታት ወደ ታችኛው ሊግ አወርደው ነበር። ይህን ስል ብዙ ሰው እንደማይስማማ አውቃለሁ።

ሊጉ ራሱ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ደግሞ ውጤቶቹን ማየት ይበቃል። 2 ለ 1፣ 1 ለ 1፣ 3 ለ 2 የሚበዛበት ውድድር ስሙ ምንም ይሁን ምን ደህና ውድድር ነው። 8 ለ 0 የሚደጋገምበት ግን ለማንም አይጠቅምም። የተሸነፉት ኳስ በመጣ ቁጥር ወደ ውጭ መጠለዝ ይለምዳሉ። የአሸናፊዎቹ በረኛ ኳስ ሳይነካ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተከላካዮቹ ጫና ውስጥ ሆነው ኳስ ማቀበል አይማሩም፤ ምክንያቱም ጫና የለም። አጥቂው 5 ጎል አግብቶ ይጨፍራል፤ በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛ ተከላካይ ሲያጋጥመው ግን ይጠፋል። ወላጅ ደግሞ 8 ለ 0ን "ቡድናችን ጠንካራ ነው" ብሎ ይተረጉመዋል። ኧረ ተው! ተጋጣሚ አላገኘም በሉት።

አሁን ሁሉም የሚያውቀውን፣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራውን ነገር ላንሳ። ዕድሜ።

ከ17 ዓመት በታች በተባለ ሜዳ ላይ ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ የመጣ "ታዳጊ" ያላየ ተመልካች ካለ እጁን ያውጣ። ይህ በሽታ የአህጉሩ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው ኤምአርአይ ማስመርመር ጀመረ። የአንጓው አጥንት ዕድገቱን ጨርሶ ከተገጣጠመ ልጁ ከ17 ዓመት በላይ የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ ካሜሩን ከ17 ዓመት በታች ቡድኗን ስታስመረምር ከ30 ተጫዋቾች 21ዱ ወደቁ። ካሜሩንን የሚያህል የኳስ አገር!

እኛ ጋ ደግሞ የካሌንደሩ ጣጣ ይጨመራል። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ 2009 ተወለደ ማለት ነው። ፎርም የሚሞላው ሰው 8 ደምሮ 2010 ካለ ልጁ በአንዲት መስመር አንድ ዓመት አነሰ። አንዳንዱ በእውነት ተሳስቶ ነው። አንዳንዱ ደግሞ "ስህተቱን" በደንብ ያውቀዋል።

ታዲያ ይህ ከሊግ ደረጃ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ያገናኘዋል። የ19 ዓመት ወጣቶች የሞሉበት ከ17 ዓመት በታች ውድድር ሲታይ ጠንካራ ይመስላል። ፍጥነት አለው፣ ጉልበት አለው፣ ግጭት አለው። ወላጅ አይቶ "ይሄ ነው ሊግ" ይላል። በመሀል እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ በትከሻ ተገፍቶ ይወድቅና "ደካማ ነው" ተብሎ ይቀነሳል። የወደቀው በኳስ ችሎታ ተበልጦ ሳይሆን በ4 ዓመት አጥንት ተበልጦ ነው።

ሁሉም እውነቱን ቢናገር እንኳ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። በዓለም አቀፉ አሠራር የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በፈረንጆች ጃንዋሪ 1፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ የተወለደና በቀጣዩ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የተወለደ ልጅ በአንድ ምድብ ይጫወታሉ። መሀላቸው 11 ወር አለ። በ12 ዓመት ዕድሜ 11 ወር ማለት የቁመት ልዩነት ነው፤ የሩጫ ልዩነት ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በታዳጊ አካዳሚዎች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች እንደሚበዙ አሳይተዋል። መልማዩ ተሰጥኦ ያየ ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ያየው የልደት ቀን ነው።

አሰልጣኞቹን ብቻ መውቀስም ግፍ ነው። ዋንጫ ካላመጣህ ትባረራለህ የተባለ ሰው ትልልቁን ልጅ ያሰልፋል። እኔም ብሆን አሰልፋለሁ። ጀርመኖች ይህ ገብቷቸው በ2024 የታዳጊ ሊጋቸውን አሻሻሉ። በአዲሱ ሊግ የክለብ አካዳሚዎች መውረድ የሚባል ስጋት የለባቸውም። አሰልጣኙ ሥራዬን አጣለሁ ሳይል ቀጫጫውን ልጅ ሊያስገባ ይችላል። ትንንሾቹን ደግሞ 3 ለ 3 በትንንሽ ጎል ያጫውቷቸዋል፤ የደረጃ ሰንጠረዥም የላቸውም። እንግሊዝ ውስጥም ትንሽ ልጅ በትንንሽ ቡድን ይጀምራል፤ 11 ለ 11 የሚደርሰው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። እኛ የ10 ዓመት ልጆችን በትልቅ ሜዳ 11 ለ 11 እናሰልፍና ኳስ ፍለጋ ሲሮጡ ያመሻሉ።

ሀዋሳ የኳስ ከተማ ናት። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አንስቷል። ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተው ሽመልስ በቀለ ከዚህ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ጎል ያገባው አዳነ ግርማም ከዚሁ ነው። ታዳጊ እያሉ ስንት ዋንጫ እንዳነሱ የሚያወራ ሰው ግን አግኝቼ አላውቅም።

ወደ ላይ መውጣት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በእኩዮቹ መሀል እንደፈለገ የሚያገባ፣ ማንም የማይነጥቀው ልጅ እዚያው ከቆየ ይሰንፋል። እሱ ይውጣ። ግን ወጥቶ ይጫወት።

የዚህን ክረምት ምልመላ የምትጠብቁ ወላጆች፣ አሰልጣኙን ስለ ሊጉ ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ሌሎች ነገሮችን ጠይቁት። በዚህ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ልጆች አሉ? ባለፈው ዓመት ተቀያሪዎቹ ምን ያህል ተጫወቱ? በአንድ የዕድሜ ምድብ ሁለተኛ ቡድን አላችሁ? ክለቦቹም ፕሮጀክቶቹም የእያንዳንዱን ልጅ የጨዋታ ደቂቃ መመዝገብ ይችላሉ። በጀት አይጠይቅም። ደብተርና ሰዓት የያዘ አንድ ሰው መስመር ላይ ይቁም፤ በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ ለወላጅ ይነበብ።