ፋኑን ጥረግልኝ ነው ያልኩት

ፋኑን ጥረግልኝ ነው ያልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ፋኑን! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

የግሩፓችን ልጆች፣ ያው ላፕቶፔ ከፋሲካ ወዲህ እንደ ወፍጮ ቤት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ። አቧራ ነው፣ ሌላ ችግር የለበትም። ትናንት ጠዋት መገናኛ አንድ ጥገና ቤት ሰጠሁት። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ አርባ ደቂቃ ቆሜ፣ ልቀበል ሄድኩ። ልጁ ደስ ብሎት አወጣልኝ።

«አለቃ፣ ዊንዶውስም ጭነንልሃል። አሁን ቀጥ ብሎ ነው የሚከፍተው።»

«ምን ጫናችሁልኝ?»

«ዊንዶውስ። ፎርማት አርገን። ቫይረስ ሞልቶበት ነበር እኮ።»

«ማን ፎርማት አርግ አለህ?»

«ቫይረስ ነበረዋ! ዲ3ዲ9 ዲኤልኤል የሚባል። ጌም ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ።»

ወገን፣ እሱ ቫይረስ አይደለም። እሱ ሪሼድ ነው፣ የድሮውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የማሳምርበት ፕሮግራም። እሱ የሦስት ወር ሌሊቴ ነው።

ላስረዳው ሞከርኩ፤ በትህትና ነው የሞከርኩት። ሪሼድ ጌሙን ራሱን አይነካም አልኩት። ጌሙ ስዕሉን ስሎ ሲጨርስ፣ ስክሪን ላይ ከመውጣቱ በፊት መሀል ገብቶ ቀለሙንና ብርሃኑን ያስተካክላል። የሰርግ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ፎቶ ቤት እንደሚያሳምሩት በለው፤ ይሄኛው ግን በሰከንድ 25 ጊዜ ያሳምራል። መሀል ለመግባት ደግሞ ጌሙ ስዕል የሚስልበትን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ የዳይሬክትኤክስን ፋይል ስም ይዞ ጌሙ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ስሙ ዲ3ዲ9 የሆነው ለዛ ነው፣ አንቲቫይረስ የሚጠረጥረውም ለዛ ነው። ይሄን ሁሉ ስናገር ስልኩን እያየ ነበር። ከዛ ቀና አለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጌም ነው እንዴ? እኔ ደሞ ቁም ነገር መስሎኝ ደነገጥኩ!»

ደነገጥኩ አለኝ። እሱ ደነገጠ! ወዲያው ቦርድ ወደሚበይደው ጓደኛው ዞሮ «ስማ፣ ሳን አንድሪያስ እኮ ነው የሚለው» አለው። ጓደኛው «አሁንም አለ እንዴ እሱ?» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ። ፕሪንተር ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንድ እናት ነበሩ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከልባቸው አዝነው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «ጨዋታ ነው እንዴ የጠፋብህ ልጄ? እኔ የሰው ፎቶ መስሎኝ» አሉኝ። ከልጆቹ ሳቅ የሳቸው ሀዘኔታ ባሰብኝ። ምን እላቸዋለሁ? አንገቴን ደፋሁ።

ልጁ አልበቃውም፣ ጨመረበት። «ለምን ጂቲኤ 5 አትጫወትም?»

ይሄን ጥያቄ ስንቴ ነው የምሰማው! የቢሮ ሰው ይለኛል፣ ወንድሜ ይለኛል። ቨርጂኒያ ያለው ያክስቴ ልጅ ደግሞ «አርቲኤክስ ግራፊክስ ካርድ ግዛና አዲሱን ተጫወት፣ ምን ያስለፋሃል» ይለኛል። ዋጋውን በብር መትቶ ያውቃል? አያውቅም። ከዚህ ሆኖ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ምን እንደሆነ ያውቃል? እሱንም አያውቅም። የሱ ምክር የሚመጣው ሁልጊዜ እኛ ሌሊት ላይ ስንሆን ነው፣ መብራት ጠፍቶ።

«አዲሱ» የሚሉት ራሱ ምን ሆኖ ነበር? በፈረንጆቹ ኅዳር 2021 ሦስቱን የድሮ ጂቲኤዎች አድሰናል ብለው አወጡ። ዝናቡ ነጭ ክር ሆኖ ስክሪኑን ሸፈነው። የሱቅ ታፔላ ላይ ያለው ጽሑፍ ተበላሽቶ ፊደል የተሳሳተበት ነበር። የሳን አንድሪያስ ከተማ ሎስ ሳንቶስ ላይ ያለው ጭጋግ ሲነሳ፣ ያ ትልቅ የሚመስለን አገር ከተራራ ላይ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ቁጭ። የጌሙ ባለቤት ሮክስታር ራሱ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ጭጋጉ እኮ ለኮንሶሉ አቅም ተብሎ የመጣ ቢሆንም የከተማው ነፍስ ነበር! ይሄን ያወቁት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አይደሉም። ያወቁት ሌሊት ቁጭ ብለው በነፃ ሞድ፣ ማለትም የጌም ማሻሻያ፣ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። እኔ እነሱን ነው የማከብረው።

እነሱንም ቢሆን ሁሉንም አይደለም። ቪዲዮ ለጥፈው ሊንኩን በአምስት ማስታወቂያ የሚያጥሩትንስ ማን ይፍረድባቸው? ዳውንሎድ የሚል ቁልፍ አራት አለ፣ ሦስቱ ውሸት ነው። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ፣ እንቅልፌን አጥቼ፣ አውርጄ ስከፍተው ፓስወርድ ጠየቀኝ። ፓስወርዱ ሌላ ቪዲዮ ውስጥ ነው! ደግሞ ፎቷቸውን አስተውላችሁ ከሆነ ሁሌ ጀንበር ስትጠልቅ ነው የሚያነሱት። ማንም ነገር ጀንበር ስትጠልቅ ያምራል። ማታ ጌሙ ውስጥ ግሮቭ ስትሪት ግባበት፤ ጥቁር ጨርቅ ነው፣ ዋናው ገጸ ባሕሪ ሲጄ ራሱ አይታይም። ቀን ላይ ደግሞ ብሉም የሚባለውን የብርሃን ፍካት ለቀውት አስፋልቱ ራሱ ፋኖስ የዋጠ ይመስላል። መኪናው ሁሉ እንደ መስታወት ያበራል፣ አሮጌው ፒካፕ ሳይቀር። ይሄ ማሳመር አይደለም። ሰርግ ላይ ፊቷን በነጭ ዱቄት ቀብተው ሙሽራዋን እናቷ እንዳትለያት እንደሚያደርጉት ነው።

እኔ ያንን አልፈለግኩም። ኢኤንቢ የሚባለውን ሌላ ማሳመሪያም ሞክሬ ትቼዋለሁ። ቦሪስ ቮሮንትሶቭ የሠራው ነገር ድንቅ ነው፣ ጥላው ውኃው ሌላ ነው፤ ግን የኔ ላፕቶፕ የኢንቴል ግራፊክስ ነው ያለው፣ ተንፈራፍሮ ቆመ። ለዛ ነው ሪሼድ ላይ የቆየሁት። እሱም በነፃ አልመጣም። የጥላውን ኢፌክት ስከፍት ምንም ለውጥ የለም። ሁለት ሌሊት ሙሉ ለውጥ የለም! ለካ የጌሙ የራሱ የጠርዝ ማለስለሻ፣ አንቲአሊያሲንግ፣ እስካለ ድረስ ሪሼድ የቱ ነገር ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ አይታየውም። አጠፋሁት፣ ጠርዙን በሪሼድ በራሱ ማለስለሻ በኤስኤምኤኤ አለሰለስኩት፣ ወዲያው ግድግዳው ሥር ጥላ ገባ። ብቻዬን ጮህኩ። እናቴ ሌባ የገባ መስሏት ተነሳች። ከዛ የርቀት ብዥታውን ስጨምር ደግሞ ካርታውና ብሩ የተጻፈበት ቁጥር አብሮ ደበዘዘ፤ ሪሼድ ስዕሉ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣ ጽሑፍና ሰማይ አይለይም። እሱንም ተውኩት።

ፍሬም፣ በሰከንድ የሚታየው ስዕል ቁጥር፣ ወረደ ትሉኛላችሁ። ወርዷል። ግን ሳን አንድሪያስ የራሱ ገደብ ሲበራ 25 አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ገደቡን ስታጠፋው ደግሞ የጌሙ ፊዚክስ ይዛባል። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ 25 ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ አግኝቻለሁ። በኢንቴል!

ለምን እንደዚህ እንደለፋሁ ለልጁ አልነገርኩትም። ለናንተ ልንገራችሁ፣ ግማሾቻችሁ አብራችሁኝ ነበራችሁና። ዶሮ ማነቂያ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ያቺ ጌም ቤት። ፕሌይስቴሽን 2፣ ሆዱ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። ያኔ ሎስ ሳንቶስ ብርቱካናማ ነበር። ሁሌ ከሰዓት በኋላ ይመስል ነበር፣ አየሩ ራሱ የሚሞቅ ዓይነት። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስጫወተው ያ ቀለም የለም። ዓመታት ትዝታዬ የዋሸኝ ይመስለኝ ነበር። ትዝታዬ አልዋሸኝም! ጌሙ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ የቀለም ማጣሪያው በትክክል አልመጣም። ስካይጂኤፍኤክስ የሚባል ሞድ አለ፣ እሱን ይመልሰዋል። እሱ ላይ ሪሼድን ደረብኩ፤ የዛን ቴሌቪዥን ፍካት፣ ጥቁሩ ላይ ያለውን ቡናማ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ጥላ፣ በትንሽ በትንሹ። ስድስቴ ሠርቼ ስድስቴ አጠፋሁት። ሰባተኛው ላይ ብስክሌት ይዤ ከድልድዩ ሥር ስወጣ፣ በቃ። አገኘሁት። እዛች ጌም ቤት በርጩማ ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ።

ዶሮ ማነቂያ በኛ አቆጣጠር 2016 ላይ ፈርሷል። ጌም ቤቷም የለችም፣ ዳቦ ቤቱም የለም። ፎቶ የለኝም፤ ያኔ ማን ስልክ ነበረው? እና እኚያ እናት የሰው ፎቶ መስሎኝ ሲሉኝ፣ አዎ እማማ፣ እንደዛ ነው ብላቸው ኖሮ! ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አንገቴን ደፍቼ ስወጣ ደግሞ ጠራኝ። ሂሳብ። የፋን ማጽጃ 500፣ ዊንዶውስ መጫኛ 700። ያላዘዝኩትን! ላጠፋልኝ ነገር ከፈልኩት! መጨቃጨቅ ነበረብኝ፤ ግን እናትየዋ እያዩኝ ነው፣ ልጆቹ እየሳቁ ነው፣ ከፈልኩና ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ስከፍተው ደግሞ ፋኑ ያው ነው። ያው! እንደ ወፍጮ ቤት!

ለምን ባካፕ አልያዝክም እንዳትሉኝ። ፍላሹን እህቴ ለመመረቂያ ጽሑፏ ወስዳዋለች፣ ያልተጻፈበት ቦታ ስትፈልግ ሁሉንም አጥፍታዋለች። ከሷ ጋር አልጣላም፣ ተመርቃለች። ሰው ዕቃ ሲሰጥህ ግን ጠይቀህ ነው የምትነካው። አንድ ስልክ መደወል ምን ያስከፍላል? ቁጥሬ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል እኮ። «ፎርማት ላርገው ወይ?» ሦስት ቃል። የቢሮ ሰነድ ቢሆን ይደውል ነበር። ጌም ስለሆነ ነው።

ጌሙንም ሞዱንም እንደገና አወርዳለሁ። ቁጥሮቹን ግን አላስታውሳቸውም። ብርቱካናማው ስንት ላይ እንደነበር፣ ጥቁሩን ስንት ከፍ እንዳደረግኩት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዓይኔ ነው የመዘንኩት። ከፊቴ የማወዳድርበት ቴሌቪዥን የለም።

አንድ ነገር ግን አለ። ከገና በፊት የድልድዩን ፎቶ ግሩፑ ላይ ስለጥፍ ከናንተ አንዱ የሪሼድ ቁጥሮቼ ያሉበትን ፋይል ላክልኝ ብሎ በውስጥ ጽፎልኝ ነበር፣ ልኬለታለሁም። ቴሌግራሜን ስለቀየርኩ ማን እንደነበር ጠፋኝ። ዳውንሎድ ፎልደራችሁን እዩልኝ፣ እባካችሁ አሁኑኑ፣ ስልካችሁን ሳታጸዱ። ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነች፣ ጥቂት ኪሎባይት። ስሟ «ዶሮ ማነቂያ 7» ነው።