ባትሪ ለመቀየር ስልክ መስበር
የስልኬ ባትሪ አብጦ ጀርባውን ገፍቶ ከፈተው። ፒያሳ ወርጄ ለጠጋኙ ሰጠሁት። በሙቀት ሙጫውን ሲያላቅቅ ስክሪኑ ቀጭ አለ፣ አሁን ባትሪም ስክሪንም ልገዛ ነው! ልጁ ምን ያድርግ፣ እንዲህ ለጥፎ የሠራውን ነው መርገም። ድሮ እኮ የኖኪያን ጀርባ በጥፍራችን ከፍተን፣ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሲዘጋ ትርፉን ባትሪ ከኪስ አውጥተን ቀይረን ወሬያችንን እንቀጥል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎችን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ በቀላሉ አውጥቶ መቀየር መቻል አለበት። (ባትሪው ቶሎ ለማይደክምና ውሃ ለማያስገባ ስልክ ግን ማምለጫ ትተዋል፣ መቼም ሰበብ አይጠፋም።) እሺ፣ እነሱስ አስገደዱ። ጎንደር የሚደርሰው የትኛው ይሆን፣ የሚከፈተው ወይስ በሙጫ የታሸገው?