የአናጢው ወንድሜ ዓይን

ስለ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ በአጥንት ውስጥ ያሉ ክፍት ቦታዎች) ካንሰርና ዓይን ላወጣችሁት ጽሑፍ እግዚአብሔር ይስጥልን። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን በአናጢነት የገፋ ሰው ነው። ግራ አፍንጫው ታፍኖ ነስር ሲያስቸግረው «ሳይነስ ነው» እየተባለ ክኒን ሲቀያየርለት ከረመ። ቆይቶ ግራ ዓይኑ ያለማቋረጥ ያለቅስ ጀመር። አንዱን ሁለት አድርጎ ስለሚያይ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈስሰው ነበር። ዓይኑ ወደ ፊት መገፋቱን ያስተዋለችው ፎቶግራፍ ያነሳችው ልጁ ናት።

ጽሑፉ በጨረፍታ ያለፈውን ልጨምር። በሳይነሱና በዓይን ጉድጓድ መካከል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ የካንሰሩ ዕጢ ጥሶት ለመግባት ብዙ አይቸገርም። የዓይንን ነርቭ ከተጫነ ዕይታ ይደበዝዛል፤ ካልተደረሰለትም ይጠፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የተለየው፣ ሕዋሳቱ ከምን ዓይነት ሕዋስ እንደመጡ እስከማይለይ ድረስ መልካቸውን ያጡበት የሳይነስ ካንሰር ዓይነት ደግሞ እጅግ ፈጣን ነው።

የእንጨት ብናኝ ነገር ግን ያንገበግበኛል! በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮምብ የቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ የአፍንጫና የሳይነስ ካንሰር መብዛቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ታውቋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ብናኙን በተረጋገጡ ካንሰር አምጪዎች መዝግቦታል። የእኛ አናጢዎች ግን ዛሬም ያለ ጭንብል ሲልጉ ይውላሉ።

በጤና ጣቢያ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ በአንድ ወገን ብቻ የታፈነና የሚደማ አፍንጫ በመድኃኒት ካልተሻለው እባካችሁ ሳትዘገዩ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላኩት። ሲቲ ስካንና የናሙና ምርመራ ያስፈልገዋል። የሥራው ዓይነትም ይጠየቅ፤ ወንድሜን ማንም አልጠየቀውም።