ተመልካች ወጣት ፊት ብቻ ነው የሚፈልገው ያለው ማነው?

እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ብዙ ትኬት ያሸጠላቸው ተዋናይ ማን እንደሆነ ተጠየቁ። በሁለቱም ዓመት አንደኛ የወጣችው የዘመኑ ቆንጆ ኮከብ ግሬታ ጋርቦ አይደለችም። ጂን ሃርሎም አይደለችም። ክላርክ ጌብልም አልሆነም። ማሪ ድሬስለር ነበረች። ዕድሜዋ ከ60 አልፏል። ሰውነቷ ግዙፍ፣ ፊቷ የተጨማደደ ነው። ያኔ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተይዛለች፤ ሰው ሲኒማ የሚገባው ሳንቲሙን ቆጥሮ ነው። ቆጥሮ የገባው ደግሞ እሷን ለማየት ነው።

ይህን የማነሳው አንድ የቆየ ሰበብ ስለሚያናድደኝ ነው። የፊልም ሰዎች ሴት ተዋናይ 40 ሲሞላት የዋና ተዋናዩ እናት ያደርጓታል። 50 ሲሞላት በር ከፍታ የምትጠፋ ጎረቤት ትሆናለች። ለምን ሲባሉ "እኛ ምን እናድርግ፣ ተመልካቹ ወጣት ነው የሚፈልገው" ይላሉ። ተመልካቹን መቼ እንደጠየቁት ግን አይነግሩንም። አንድ ጊዜ በትኬቱ የመለሰው ከላይ ያለውን ነው።

ድሬስለር በ1868 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ኮበርግ የምትባል ከተማ ተወለደች። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌይላ ኮርበር ነው፤ የመድረክ ስሟን ከአክስቷ ወሰደች። ገና በ14 ዓመቷ ገደማ ከቤት ወጥታ ከተማ ለከተማ ከሚዞር የቲያትር ቡድን ጋር ተቀላቀለች። ከዚያ ቮድቪል ውስጥ ገባች። ቮድቪል በአንድ ምሽት ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ ጭፈራው፣ የሰለጠነ ውሻ ሳይቀር በየተራ መድረክ የሚወጡበት ትርኢት ነው። ማይክራፎን የሚባል ነገር የለም። የተሰጠህ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ካላሳቅክ ጉድህ ፈላ። ድሬስለር መውደቅን፣ መደናቀፍን፣ አንድ ቃል ሳትናገር አዳራሽ ማሳቅን የተማረችው እዚያ ነው። ቆንጆ እንዳልሆነች ማንም እንዲነግራት አልጠበቀችም። የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍ ራሷን "አስቀያሚዋ የዳክዬ ጫጩት" ብላ ነው የሰየመችው።

በ1910 በኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ ላይ ቲሊ የምትባል ምስኪን ሠራተኛ ሆና ተጫውታ ትልቅ ስም አገኘች። በ1914 ፊልም ሠሪው ማክ ሴኔት ይህችን ቲሊን ይዞ ረጅም የኮሜዲ ፊልም ሠራ። ዛሬ ፊልሙ የሚነሳው በቻርሊ ቻፕሊን ነው፤ ያኔ ግን ቻፕሊን ፊልም ከጀመረ ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ነው። ኮከቧ እሷ ነበረች።

ከዚያ 1919 መጣ። የብሮድዌይ ተዋንያን ሥራ አቆሙ። ከሁሉም የተጎዱት በኅብረት የሚዘፍኑና የሚጨፍሩ ልጆች ነበሩ። ለሳምንታት ያለክፍያ ይለማመዳሉ፤ ጫማና ስቶኪንጋቸውን ከኪሳቸው ይገዛሉ። ድሬስለር የራሷ ኑሮ የተደላደለ ነበር፣ ዝም ብትል የሚወቅሳት የለም። እሷ ግን አብራቸው ወጣች፤ የማኅበራቸው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ሆነች። አድማው አንድ ወር ገደማ ቆይቶ በተዋንያኑ አሸናፊነት አለቀ፣ የነፃ ልምምዱም ገደብ ተበጀለት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የድሬስለር ሥራ እየሳሳ ሄደ። ዕድሜዋ ነው፣ ፋሽን ስለተለወጠ ነው የሚሉ አሉ። ፕሮዲዩሰሮቹ ቂም ይዘውባት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ቂሙን አምናለሁ፤ ገንዘባቸው የተነካባቸው ሰዎች ቶሎ አይረሱም።

ከዚህ ችግር ያወጣቻት ሌላ ሴት ናት፤ ፍራንሲስ ማሪዮን። ማሪዮን ጀማሪ ጋዜጠኛ ሳለች ድሬስለር ደግ ውላላት ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ማሪዮን የሆሊውድ ቁንጮ የስክሪፕት ጸሐፊ ሆና ነበርና ውለታውን መለሰች። በ1927 ኤምጂኤም ለተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ የጻፈችላት ፊልም የአየርላንድ ተወላጆችን አስቆጥቶ ከየሲኒማ ቤቱ ተነሳ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃዋል። ማሪዮን ግን አልተወችም። በ1930 ጋርቦ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ የተናገረችበት ፊልም ላይ ድሬስለር የሰከረች የወደብ ሴት ሆና ገባች፤ ሰውም ስለ እሷ ማውራት ጀመረ። ድምፅ ወደ ፊልም ሲመጣ ስንቱ ኮከብ ተንገዳገደ፤ እሷ ግን ከ40 ዓመት በላይ በድምፅዋ እንጀራ የበላች ሴት ናት። በዚያው ዓመት ከተዋናዩ ዋላስ ቢሪ ጋር የሠራችው ፊልም ኦስካር አስገኘላት። ሽልማቱን የተቀበለችው ኖቬምበር 10፣ 1931 ነው፤ 63 ዓመት በሞላት ማግስት።

ችሎታዋን ማየት የሚፈልግ በ1933 የወጣውን "ዲነር አት ኤይት" ፊልም መጨረሻ ይመልከት። እንግዶቹ ወደ እራት ክፍል እየገቡ ነው። ጂን ሃርሎ ሰውነቷ ላይ የተጣበቀ ቀሚስ ለብሳ፣ ሰሞኑን መጽሐፍ ሳነብ ነበር ትላለች። ድሬስለር እግሯን አንስታ ነበር። ቀጥ ትላለች፤ ያ ሁሉ ሰውነት ድንገት ፍሬን እንደያዘ ከባድ መኪና ይንገጫገጫል። ከዚያ ዞር ብላ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ታያታለች። "መጽሐፍ?" ከማለቷ በፊት ሰው በሳቅ አልቋል። ይህ ንጹሕ ቮድቪል ነው።

ያን ዓመት ካንሰር ይዟት ሦስት ፊልም ላይ ወጣች። የስቱዲዮው አለቃ ሉዊስ ሜየር ሕመሟ እንዳይነገራት አዝዞ ነበር ይባላል፤ እውነት ከሆነ ነውር ነው። ጁላይ 28፣ 1934 በ65 ዓመቷ አረፈች። በኑዛዜዋ ለቤት ሠራተኛዋና ለሠራተኛዋ ባል በድምሩ 50,000 ዶላር ተወች። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

"ድሬስለር ልዩ ናት፣ በእሷ አይለካም" የሚል አይጠፋም። ልዩ መሆኗን አልክድም። ግን በ1925ም ያው ፊት፣ ያው ድምፅ፣ ያው አወዳደቅ ነበራት። ተመልካቹም ያው ተመልካች ነው። ያን ጊዜ ማሪዮን የኤምጂኤሙን ፊልም ገና አልጻፈችላትም፤ ሌላውም ጸሐፊ የጻፈላት የለም።