ያን ማታ በአዳራሹ የሳቅን

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ከአምስት ሳምንት በፊት በጎንደር፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አብራችሁኝ ለነበራችሁት ነው። ያልነበራችሁም ስሙት። ብትኖሩ ኖሮ ብዙዎቻችሁ ትስቁ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ የእናንተን ልጅነት እኔም አድጌበታለሁና።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ወደ ሱዳን ያደረጉትን የእግር ጉዞ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ነበር የምናሳየው። አዳራሹ ሞልቷል፤ አብዛኛው ተመልካች ወጣት ነው። በሦስተኛው ረድፍ ዳር ነጭ ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። የትውልድ መንደራቸውን ሊያዩ ከእስራኤል የመጡ እንግዳ ናቸው። ቀን ወለቃ ወርደው የአባታቸውን ቤት ቦታ ሲፈልጉ ውለው ሳያገኙት ተመለሱ። ማታ ወደ አዳራሹ የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ።

በፊልሙ አንዲት እናት ይናገራሉ። አማርኛቸው የወገራ አማርኛ ነው፤ ዓይኔን ብጨፍን አክስቴ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ለጎረቤት እንኳ ሳይናገሩ፣ ሊጡን በቡሃቃው እንዳለ ጥለው በሌሊት ወጡ። ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ትንሽ ልጃቸው ታማ ሞተችባቸው። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ በጨለማ ቀበሯት፤ ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም። ሬሳ ቀብሮ ሳያለቅሱ ማደር ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ ልጅነታቸው ተመለሱ። የጎረቤት ልጅ በታመመ ጊዜ አባታቸውን «ቡዳ፣ አንተ ነህ የበላኸው» ብለው ከወናፉ ላይ ጎትተው እንደወሰዷቸው መናገር ጀመሩ። ይህን ጊዜ ከኋላ አንድ ልጅ እንደ ጅብ ጮኸ። ረዘም አድርጎ፣ መጨረሻውን ወደ ላይ እየሳበ፣ አሳምሮ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እናቲቱ መናገራቸውን ቀጥለዋል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ቃላቸው ግን አይሰማም። በአባታቸው ላይ የደረሰውን ማናችንም ሳንሰማው አለፈ። አዛውንቱ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩን። አልተቆጡም። ፈገግ እንደ ማለት አሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት ፈገግታ መሰለኝ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። ሲወጡ በሩ ድምፅ አሰምቶ እንዳይረብሸን በእጃቸው ደግፈው ዘጉት።

እኔ የተቀመጥኩት ከመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ ሥር ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አልዘረጋሁም።

ምኑ ነው ያሳቃችሁ? ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፤ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን» ብለው አወጁ ይባላል። ዛሬም ድረስ የምንወረውረውን ስም ብዙዎች ከዚያ ይመዝዙታል፤ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ርስት የተነፈገ ሰው ምን ይሠራል? የሌላውን መሬት አረሱ፤ ብረት ቀጠቀጡ፤ ሸክላ ሠሩ። ማረሻችንን የሳሉልን፣ እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ ያበጁልን እነርሱ ናቸው። ከመሬቱ ገፍተን ወደ እሳቱ ሰደድናቸው፤ እሳቱን ገርተው ብረቱን ሲያቀልጡት ደግሞ «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» አልናቸው። ይህን ያልነው ኦሪትን የምናነብ፣ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን የምንገርዝ፣ ነገሥታቶቻችንን የይሁዳ አንበሳ ስንል የኖርን ሰዎች ነን!

«እነርሱም አይነኩንም ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ የመንጻት ሥርዓት ነበራቸው። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ምክንያት ከቤቱ ተጎትቶ የተደበደበ ክርስቲያን ጎረቤት ካለ ንገሩኝ።

በ1977 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚሆኑት ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወደ 4,000 የሚጠጉት ግን በመንገድና በመጠለያ ሞተው ቀርተዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ። የመንገድ ሙታናቸው መታሰቢያ የቆመው በኢየሩሳሌም ነው። እኛ ዘንድ ምን አለ? የጅብ ጩኸት።

ስለ ልጁ ብቻ ስናገር ራሴን እያመለጥኩ ነው። ሕፃን ሳለሁ ገምቦና ጀበና የሚሸጡ ሴት ከደጃችን ሲደርሱ እናቴ ታናሽ ወንድሜን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ወተቱም ይሸፈናል። ደግ ሴት ነበረች፤ ለማኝን ባዶ እጁን ሰድዳ አታውቅም። ያ መሸፋፈን በቃል ሳይሆን በእጇ ነው ወደ እኔ የተላለፈው። እናም እውነቱን ልናገር፦ ያን ማታ ሳቁ ሲፈነዳ የእኔም ጥርስ ተገልጦ ነበር። አዛውንቱ ዞር ሲሉ አይተውኝ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከዓመታት በፊት ያየሁት «ሾአ» የተባለው የክሎድ ላንዝማን ዘጋቢ ፊልም እየመጣ ያስጨንቀኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፖላንድ ውስጥ፣ ናዚዎች ከ150,000 በላይ ሰው በፈጁባት በኼልምኖ፣ በልጅነቱ ከሞት የተረፈው ሲሞን ስሬብኒክ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሟል። የእመቤታችን የልደት በዓል ነው። መንደርተኞቹ ከበውታል፤ በማየታቸው መደሰታቸውን ይናገራሉ። ጥቂት ቆይተው ግን አይሁድ የተገደሉት በክርስቶስ ደም ዕዳ እንደሆነ በዚያው ለዛ ማስረዳት ይጀምራሉ። ላንዝማን ካሜራውን ተክሎ አስወራቸው። ስሬብኒክ በመካከላቸው ዝም ብሎ ቆሟል። ያን ዝምታ በእኛ አዳራሽ አየሁት።

ወገኖቼ፣ በቅርብ ዓመታት ወንድም ወንድሙን ጅብ፣ ካንሰር፣ አረም እያለ ሲጨራረስ «ይህ ክፋት ከየት መጣ?» ብለን ተገርመናል። ከጓዳችን ነው የመጣው። ሰውን አውሬ ማድረግ የለመደ አፍ ተራውን ጠብቆ ሁሉንም ይጠራል።

በማግሥቱ አዛውንቱን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ሆቴላቸው ሄድኩ። በጠዋቱ አውሮፕላን ሄደዋል።

በኅዳር፣ ቤተ እስራኤል የስግድን በዓል በሚያከብሩበት ሰሞን፣ ያንኑ ፊልም እንደገና ልናሳይ ተስማምተናል። ስንት ሰው እንደሚመጣ እንጃ። ደክሞኛል፤ አንዳንድ ቀን ፊልም ማሳየት በወንፊት ውኃ መቅዳት ይመስለኛል። ቢሆንም ኑ። አንተም፣ የጮኸኸው ልጅ፣ ና። ስምህን አልጠይቅህም። እናቲቱ ስለ አባታቸው የተናገሩትን አንተም እኔም አልሰማነውም፤ አብረን እንስማው። እኔ እንዳለፈው ጊዜ ከማብሪያ ማጥፊያው ሥር ነው የምቀመጠው።